ከቆጣሪው ወዲያ

ተቆጣጣሪዋ የጣሪያውን የውሃ ታንከር ቫልቭ ግጥም አድርጋ ዘግታ የእጇን ዝገት ገና ሳታራግፍ፣ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት የሰብሳቢው ድምፅ ወጣ።

"ማነው ውሃ የዘጋው? ሳሙና ላይ ነኝ እኮ።"

ተቆጣጣሪዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የውሃ ጥራት ትቆጣጠራለች። የሕንፃው ሰው ግን በሥራዋ ይሁን በጠባይዋ እንጃ፣ "ክሎሪን" ነው የሚላት። ለጤና ትጠቅማለች፣ አፍ ላይ ግን ትመራለች ማለታቸው ነው።

ሰብሳቢው ፎጣ አገልድመው፣ የሳሙና አረፋ እንደ ዘውድ ደፍተው ጣሪያው ላይ ብቅ አሉ። ጡረታ ሲወጡ ሰው መሰብሰብ ስላማራቸው የነዋሪዎችን ኮሚቴ ያቋቋሙ ሰው ናቸው።

"አንቺ ነሽ? ቅዳሜ እንኳ አታርፊም?"

"ጋሼ፣ ይህ ውሃ አይጠጣም። ላቦራቶሪው የሰገራ ባክቴሪያ አግኝቶበታል።"

"የማን ሰገራ?" አሉ፣ ስሙ ቢነገራቸው ዛሬውኑ ስብሰባ ሊጠሩበት።

"የርግብ። ክዳን የለውማ።"

ሰብሳቢው ወደ ክዳኑ አላዩም። የት እንዳለ ያውቁታል። አምና የሕንፃው የቴሌቪዥን ዲሽ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተንጋለለ ኳሱን ሲያቋርጥባቸው፣ ሕንፃው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ከባዱ የታንከር ክዳን የዲሹ እግር ላይ ይጫን ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ተሸክመው ከጫኑት አንዱ የተቆጣጣሪዋ ባል ነበር። እሷ ያን ቀን አልነበረችም፤ የሌላ ሰፈር ሰው ምን እንደሚጠጣ ልትመረምር ወጥታ ነበር።

የራሷን ሕንፃ ውሃማ በየወሩ ትመረምራለች። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ናሙና ከግቢው በር ቧንቧ ብቻ ይወሰድ ይላል። እስከ ቆጣሪው የከተማው ነው፤ ከቆጣሪው ወዲያ የባለቤቱ። ስለዚህ በየወሩ የበሩን ቧንቧ አፍ በአልኮል ትጠርጋለች፣ በእሳት ትለበልባለች፣ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ "ንጹሕ" የሚል መልስ ይዛ ትመጣለች። ከዚያ ቧንቧ የሚጠጣ አንድም ሰው የለም፤ ዘበኛው መኪና ያጥብበታል። ደንብ አክብራ የኖረች ሴት ጣሪያ የወጣችው በዚህ ሳምንት፣ የባሏ እህት ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ ግሉኮስ ሲሰካለት ነው። ታንከሩ ውስጥ ላባ ተንሳፍፎ ነበር፤ ከዚያው ናሙና ቀድታ ለላቦራቶሪ ሰጠች።

"ክፈቺው" አሉ ሰብሳቢው።

"አልከፍትም።"

"እንግዲያው አለቃሽን ነው የምጠራው።"

ከጣሪያው ስትወርድ ግቢው ውስጥ ባልዲ ይዞ ያልወጣ አልነበረም። ከፊት የቆሙት አማቷ ናቸው፤ ምድር ቤት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ የታመመውም የእሷ ልጅ፣ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቋት።

"እኔ በዕድሜዬ ውሃ የዘጋብኝ መንግሥት ነው" አሉ። "ምራት ሲዘጋብኝ የመጀመሪያዬ ነው።"

"እማዬ፣ ልጁን የጣለው ይኸው ውሃ ነው።"

"ልጁ ጥርስ እያወጣ ነው።"

"ሐኪሙ እኮ ተናግሯል።"

"ሐኪሙ ድዱን መች ነካው?"

የአንደኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ በጎን ገባች። "እኔ ደንበኛዬ ቀለም ተቀብታ ተቀምጣለች። በምን ላጥባት፣ በምራቄ? ባለፈው ወር ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም?"

"እሱ የበሩ ነው።"

"እና ውሃው ከበር ተነስቶ አይደል ጣሪያ የሚወጣው? ደረጃ ሲወጣ ነው የሚቆሽሸው?"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ተቆጣጣሪዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

"ታንከሩ ባዶ ይደረግ፣ ይታጠብ፣ ክሎሪን ይግባበት። ክዳኑም ይመለስ።"

አሁን የሚስቅ ጠፋ። በዚህ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጣ።

"አፍልተን እንጠጣለን" አለ አንዱ።

ተቆጣጣሪዋ አማቷን አየች። ትናንት አፍሉ ብላ ለምናቸው፣ እሺ ብለዋት፣ ዘወር ስትል ለሆስፒታል የሚሄደውን የሕፃኑን ጡጦ በቧንቧ ውሃ ሲያለቀልቁ ደርሳባቸዋለች። ብትናገረው ከዛሬ ወዲያ ያ በር አይከፈትላትም።

"ነገ ብናደርገውስ?" አለ ባሏ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ዛሬ እኮ ጨዋታ አለ።"

ይህን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ግቢ ገባ። ሰብሳቢው የጠሩት ኃላፊ ቅዳሜውን የተነጠቀ ሰው ፊት ይዞ ወረደ። ሰብሳቢው፣ ግንባራቸው ላይ አረፋው ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ፣ እጅ ነሱት።

"የተከበራችሁ ነዋሪዎች" አለ ኃላፊው። "ጽሕፈት ቤታችን እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው ውሃ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጥላችኋል።"

ተጨበጨበለት። ተቆጣጣሪዋ ሕፃን ሆስፒታል ባስተኛ ውሃ ዙሪያ እንዲህ የሞቀ ጭብጨባ ሰምታ አታውቅም። ኃላፊው ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዳት።

"ማነው ጣሪያ ውጪ ያለሽ?"

"ውጤቱን እኮ አሳይቼሃለሁ።"

"አይቻለሁ። እኔ ደደብ አይደለሁም። ግን ዛሬ ይህን ጣሪያ ከነካን ነገ የከተማው ጣሪያ ሁሉ የኛ ነው። ስንት ተቆጣጣሪ አለኝ? አንቺና ያ ጉልበቱን የሚያመው። እሱ ደረጃ ይወጣልኛል?"

"ሕፃናት እየጠጡት ነው።"

"ባለቤቶቹ ይጨነቁበት። ኮሚቴ አላቸው አይደል?"

"ክዳኑን ያነሳው እኮ ኮሚቴው ነው።"

ኃላፊው ተነፈሰ። "ስሚኝ። ወጥተሽ ቫልቩን ወደ ነበረበት መልሺው። አለበለዚያ ሰኞ ሞት ምዝገባ ክፍል ነው የምትቀመጪው። እዚያ ሰው ጎድሏል።"

"እንዲህ ከቀጠልን ከዚህ ሕንፃ ደንበኛ አላጣም።"

"ቀልዱን ተዪውና ውጪ።"

አማቷ በአጠገባቸው ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ "ልጄን ከቢሮ ሴት አታግባ ብዬው ነበር" አሉ። ባሏ ሰምቷል። ያልሰማ መስሎ የባልዲውን እጀታ ያስተካክል ጀመር።

ደረጃውን ስትወጣ ሰብሳቢው ከኋላዋ፣ ባሏ ከሰብሳቢው ኋላ ተከተሉ። በየበሩ የቆመው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት፤ ክብር ግን አልነበረም፣ ልብሱ እንዳይነካት ነው። ጣሪያው ላይ ርግቦቹ የታንከሩን አፍ ከበው እንደ ኮሚቴ ተቀምጠዋል። ስትጠጋ ተነሱ፤ አንዷ ብቻ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰዳ መጠጣቷን ቀጠለች።

ተቆጣጣሪዋ የዘጋችውን ቫልቭ ያዘች። አንድ ዙር ብታዞረው ፀጉር ሠሪዋ ታጥባለች፣ ሰብሳቢው ይለቃለቃሉ፣ አማቷ ጡጦ ያጥባሉ፣ ሰኞ እሷም ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ባታዞረው ደግሞ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ ሌላ ሰው ያዞረዋል፤ ቫልቭ ለመክፈት ዲግሪ አያስፈልግም።

ለቀቀችውና ጎንበስ አለች። ከታንከሩ ሥር፣ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ማንም ያልነካው፣ ቀለም የተቀባበት፣ ሲከፈት ታንከሩን ባዶ የሚያደርግ የማጠቢያ ቫልቭ አለ።

"እሱ አይደለም" አሉ ሰብሳቢው።

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ረቡዕ ውሃ የለም። አንቺም ቤት የለም።"

"አዎ።"

"ይህን ካደረግሽ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰላም የሚልሽ አታገኚም።"

"እስካሁን ያላችሁኝ ይበቃኛል፣ ጋሼ።"

ቫልቩ አልንቀሳቀስ አላት። ወደ ባሏ ዞረች። "ና አግዘኝ።"

ባሏ እሷን አየ፣ ዲሹን አየ፣ ቁልቁል እናቱን አየ። እግሩ አንድ እርምጃ ተነሳ፤ እዚያው ቦታው ላይ ተመልሶ አረፈ።

ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ እጀታው ላይ ጠመጠመችና በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ቀለሙ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ዝገት አስታወከ፣ ቀጥሎ ውሃው ጭቃና ላባ ይዞ በአሸንዳው በኩል ግቢው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ከታች ባልዲውን ይዞ የሮጠ ነበር። የሚወርደውን አይቶ ባልዲውን የገለበጠ ነበር። ከዚያ ስድቡ ፎቅ በፎቅ እየተቀባበለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የአማቷ ነበር።

ሰብሳቢው ሊዘጉት ጎንበስ አሉ። ተቆጣጣሪዋ ቀድማቸው ርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ለቫልቩ ሰጠች። ታንከሩ ሲጎድል ከኋላዋ ይሰማታል። እስኪያልቅ አትነሳም።