ወረፋ ላይ የቀረ ይቅርታ

አቶ ቦጋለ ትንፋሻቸው ሊያልቅ ነው፤ ልጃቸው ማቲያስ ግን ጋሞ ተራራ ላይ ሆኖ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት የቀለዱትን ገና አሁን በስልኩ እየሰማ ይስቃል።

እህቱ ሩቲ ቀጨኔ ቤታቸው ውስጥ፣ አባቷ አልጋ አጠገብ ላፕቶፗን ታቅፋ ላብ አጥምቋታል። በምስል የሚነጋገሩበትን ፕሮግራም የጻፈችው ራሷ ናት። ከዚያ ተራራ ተራ ጥሪ ሁለት ቃል ሳያስጨርስ ይቋረጣል፤ ስለዚህ «አንዲት ቃል አታምልጠው» ብላ መሃል ላይ ሆኖ የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሁሉን ነገር እያቆየ በተራ እንዲልክለት አደረገች። የማቲያስ ስልክ «ቀስ በል፣ አልቻልኩም» ሲል ግን ሰርቨሩ የሚሰማበት ጆሮ አልሠራችለትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አፈ ጠባብ እንስራ ላይ በባልዲ መገልበጥ ሆነ። የማቲያስ ድምፅ ቶሎ ይመጣል፤ ወደ እሱ የሚሄደው ምስልና ድምፅ ግን ተቆለለ።

ማቲያስ በሽማግሌ ፊት አባቱን አዋርዶ ከወጣ ወዲህ እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም ነበር። ዛሬ አባትየው እያረፉ፣ እየተነፈሱ፣ «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አሜን በለኝ» አሉ። ቃሉ ወረፋ ላይ ነው።

«አሜን ሳይል ይስቅብኛል?» አሉ አቶ ቦጋለ። «አሁንም አኩርፎኛል ማለት ነው?»

«ኧረ አላኮረፈም አባባ! አልደረሰውም እኮ!»

አልገባቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሩቲ የጽሑፍ መልእክት ላከችለት፤ እሱ ግን ዓይኑን ከአባቱ ምስል አላነሳም።

እናቷ ወይዘሮ ሰርኬ ትከሻዋን ነቀነቋት። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ! አባትሽ ልቡ እንደተሰበረ ይሂድ?»

ማድረግስ ትችላለች። የተቆለለውን ብትጥለው ማቲያስ ወዲያው አሁን ያለው ላይ ይደርሳል። የምትጥለው ውስጥ ግን ይቅርታው አለ። ቅጂም የላትም፤ አባቷ «ድምፄ ከእኔ በኋላ እንዲቀር አልፈልግም» ብለው ከልክለዋታል። ጌታ ሆይ፣ የቱን ልተው?

ጣለችው።

የማቲያስ ሳቅ ተቆረጠ። «አባባ! ምን ሆኑብኝ? አባባ፣ አለሁ! አለሁ እኮ!»

አቶ ቦጋለ ፊታቸውን መለሱ። «እሰይ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ወይዘሮ ሰርኬ እሪ አሉ።

ጎረቤት ቤቱን ከሞላው በኋላ ሩቲ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። ማቲያስ አልዘጋም።

«ይቅር ብለውሃል» አለችው እያለቀሰች። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እማማም ሰምታለች። ሙት!»



«እናንተማ» አለ ማቲያስ፣ «ልታጽናኑኝ ስትሉ ሌላ ምን ልትሉኝ ትችላላችሁ?»