እጅጌ ሲጠብ

«እትዬ፣ ይቺን እጅጌ ትንሽ ፍቺልኝ፤ ጠበበችኝ» አለች ሚጢጢ፣ ጥቁር ቀሚሷን ወደ ክርኗ ለመሰብሰብ እየታገለች።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊዋ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ያንን ቀሚስ ለቀብሩ የሰፋችው ራሷ ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ ለሆነችው ታናሿ አስፍታ።

«ነይ እስቲ ጓዳ።»

ሳሎን ውስጥ አክስታቸው ስለ ሟቿ ለአዲስ መጪዎች ያወራሉ። «ምን ጎደላት ልጄ! ሰሞኑንማ ፊቷ ሞልቶ፣ እንዲያው አምሮባት! ቀኗ ደርሶ ነው እንጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። ቀን ምን አደረገ?

ሟቿ መካከለኛዋ እህታቸው ናት። ሳቂታ ነበር የሚሏት። አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ፣ የሰደባትን ተሳፋሪ እንኳ አስቃ ነበር የምታወርደው። ከአሥር ቀን በፊት በሰባት ወር ሆዷ ስፌት ቤት መጥታ እጅጌዬ ጠበበ አለች። ልብስ ሰፊዋ ፈታችላት። በአምስተኛው ቀን እጅጌው ዳግም ጠቧት ተመልሳ መጣች።

«ራሴን ይፈልጠኛል። እዚህ ጋም ጨጓራዬ ተነስቶብኛል» ብላ ከጎድኗ ሥር ያዘች።

«ጨጓራሽ ድሮም ነው። ደግሞ እንዲህ ከወፈርሽ ጨርቅ ይወደዳል!»

ተሳሳቁ። ሃያ ዓመት ሰው ስትለካ የኖረች ሴት፣ የእርጉዝ ሆድ እንጂ የእጅ አንጓ በአምስት ቀን እንዲያ እንደማይወፍር ጠፍቷት ነው? አልጠፋትም። ቀለደችበት።

በማግስቱ ሳቂታ ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነውም፦ «በእርግዝናው ሳቢያ የደም ግፊቷ ጣሪያ ነክቷል። ጉበቷ ተጎድቷል፤ ደሟን የሚያረጉት ሴሎች አልቀዋል። አብጣ ነው እንጂ ወፍራ አይደለም። ጥቂት ቀን ቀድማ ብትመጣ ግፊቷን ለክተን፣ ሽንቷን መርምረን፣ መድኃኒት ጀምረን በጊዜ እናዋልዳት ነበር።» እሷም ሕፃኑም አልተረፉም።

ጓዳ ውስጥ ሚጢጢ መቀሱን አቀበለቻት። ልብስ ሰፊዋ አልተቀበለችም።

«ራስሽን ያምሻል?»

«እንዴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሶ ራሱን የማያመው ማን አለ?»

«ዓይንሽስ? ብዥ ይልብሻል?»

ሚጢጢ መቀሱን አገላበጠች።

«መልሺልኝ!»

«ትንሽ... ከትናንት ጀምሮ።»

አክስት በሩ ላይ ብቅ አሉ። «በለቅሶ ቤት ምን ያስጮሃችኋል?»

«ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።»

«አሁን? ለቀስተኛ ጥሎ መውጣት ነውር ነው። ልጅቷንም አታስደንግጫት፤ ነገ ትሄዳለች።»

«ነውርስ እኔ ነኝ፣ አክስቴ! እህቴን እጅጌ እያሰፋሁ ቀበርኳት! ቀኗ ነው አይበሉኝ! እኛ ነን፤ አማረብሽ እያልን ቁጭ ብለን ያየናት እኛ ነን!»

ሳሎን ካሉት አንዱ ሽማግሌ ሊገላግል ብድግ ብሎ፣ ፊቷን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የሚጢጢን ጫማ ልታጠልቅላት ሞከረች። እግሯ አብጦ አልገባም። ገፋችው፤ እንቢ አለ። ያኔ ከቀብሩ ጀምሮ ያልወጣው እንባ መጣ፤ በንዴት በክንዷ ጠረገችው። የራሷን ሰፊ ነጠላ ጫማ አወለቀችና፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በታናሿ እግር ላይ ቀስ አድርጋ አጠለቀች። ከዚያ በባዶ እግሯ ቆማ ክንዷን ያዘቻት።

«ተራመጂ» አለቻት።