መልስ የሚጠብቅ ሰላምታ

ቀጭን ናት ግድግዳዋ። ከላይ ኮርኒሱ ጋ አትደርስም፣ ከታች ወለሉን በቅጡ አትነካም። ከወዲያ መብራት ሲበራ በአናቷ በኩል ቢጫ ብርሃን ታፈሳለች፣ በሥሯ በኩል የእግር ጥላ ታሳልፋለች… ቺፑድ ናት፤ ሰው ቢጨክን በጡጫ ትበሳለች።

ግን አልተበሳችም።

ከወዲህ ትርንጎ ትተኛለች። ከወዲያ እታለማሁ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንድ ጡት የጠቡ፣ በአንድ ጋቢ ያደጉ፣ ዛሬ አንድ ግድግዳ የሚካፈሉ። ይቺ ስታስል ያቺ ትሰማለች። ያቺ ስትገላበጥ የዚችኛዋ እንቅልፍ ይሸሻል። ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዘው ይላል። የማያልፈው ሰላምታ ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ከወዲያ ያልፋል። የሚቀረው ከወዲህ ነው፤ ከትርንጎ።

ለምን ቢሉ… አልጠበቀቻትም።

ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ የለውም። ውርስ አይደለም፤ ሰፈሩ እንደሚያወራው የእናታቸው ሐብልም አይደለም። እናታቸው ያረፉ ጊዜ፣ እታለማሁ ታናሿን አልጠበቀቻትም።

ሞያሌ ነበረች ያኔ ትርንጎ፤ ጨርቅ ትነግድ ነበር። "እማዬ ደክማለች፣ ቶሎ ድረሺ" ተባለች በስልክ። ሱቋን ለጎረቤት ጥላ ተነሣች። መንገዱን ሁሉ በልቧ አንድ ቃል ብቻ ስትል… ጠብቂኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ፣ ጠብቂኝ። ኬላ ላይ ሲያስቆሟቸው፣ ጠብቂኝ እማዬ። አሰላ ስትደርስ ጭላሎ ጉም ለብሷል፤ ሰዉ ሁሉ በግንባሩ ላይ ቄጤማ አስሯል። ቅዳም ሹር ነው። እናቷ በስቅለት ጠዋት አርፈው፣ በስቅለት ከሰዓት ተቀብረዋል።

አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ያየችው እሱን ነው… አፈሩን።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። "ተይ እንጂ" አሏት ሴቶቹ፣ "ነገ ፋሲካ ነው፤ በፋሲካ አይለቀስም።" እጇን ያዙ፣ ነጠላዋን አስተካከሉላት፣ ውሃ አቀበሏት። ከሴቶቹ ኋላ መጣች እታለማሁ፤ ቄጤማዋን በግንባሯ እንዳሰረች፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

"አይዞሽ ትርንጎዬ፤ በትንሣኤ ታገኛታለሽ" አለቻት።

እውነት ነው፤ ማን ይክዳል? ትርንጎም ታምናለች። ግን እውነትም ቢሆን የሚነገርበት ጊዜ አለው። አንድ ሌሊት መጠበቅ ያቃተው ሰው እስከ ዳግም ምጽአት ጠብቂ ሲል… ያ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ጩኸቷን ዋጠችው። ዋጠችው፣ እዚያው ቀረ።

ንግዱ ከስሮ ከሞያሌ የተመለሰች ጊዜ የእናቷን ቤት ግማሽ ወሰደች። አናጢ ጠራች፣ ቺፑዷን አስመታች። እታለማሁ ከወዲያ ሆና ምስማሩ ሲመታ ሰማች፤ አንዴም "ተዪ" አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱ ረጅም ነው። ቧንቧ ላይ ይገናኛሉ፤ ትርንጎ ዓይኗን ከጄሪካኑ አትነቅልም። ዕድር ላይ ይገናኛሉ፤ ከአግዳሚው ወንበር ይቺ ወዲህ ጫፍ፣ ያቺ ወዲያ ጫፍ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይገናኛሉ፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች። ሰው ያያል። ሰው መቼስ ሥራ አይፈታም፤ ያወራል።

የሚቀልላት አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሕማማት።

በሕማማት ማንም ማንንም አይስምም። አይጨብጥም፣ ደህና አደርሽ አይልም፤ ይሁዳ ጌታውን በመሳም ሸጧልና። ከተማው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ትርንጎም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች… ማን ይለያታል? በዚያ ሳምንት እንደ ሰው ናት። እግዜር ይቅር ይበላት እንጂ፣ ሕማማት ባያልቅ ደስ ባላት።

ግን ያልቃል። ፋሲካ ይነጋል።

ነግቶም ከቅዳሴ ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ፣ በየዓመቱ፣ ከቺፑዷ ማዶ ድምፅ ይመጣል። ቀስ ያለ፣ ሻከር ያለ፣ የእናቷን ድምፅ የሚመስል።

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።"

ክርስቶስ ከሙታን ተነሣ ማለት ነው፤ ጀማሪ አለው፣ መላሽ አለው። አንዱ ይህን ሲል ሌላው "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ይላል፤ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን። ግማሹ በአንድ አፍ ነው፣ ግማሹ በሌላ አፍ። ለብቻ አይባልም። ሕፃን ያውቀዋል። ትርንጎም ታውቀዋለች፤ ከሕዝቡ ጋር ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስትመልሰው አድራ ነው የመጣችው።

እዚህ ግን… ዝም።

ከወዲያ እታለማሁ ትጠብቃለች። ከወዲህ ትርንጎ አንድ ጫማዋን እንደያዘች ቆማለች። ትንሽ ቆይቶ አልጋው ሲጥ ይላል፣ ጥላው ከግድግዳዋ ሥር ፈቀቅ ይላል። በቃ። እስከ ከርሞ።

ሙታን እንደሚነሡ ታምናለች ትርንጎ። የረገፈ አጥንት ሥጋ ለብሶ እንደሚቆም፣ ባሕር የዋጠውን እንደሚመልስ፣ እናቷ ያንን አፈር አራግፈው እንደሚነሡ… አንዱንም አትጠራጠርም። ከዚያ ሁሉ ተአምር መሐል ያቃታት ከአልጋዋ ተነሥታ ጎረቤት መድረስ ነው። ምን ይባላል እንግዲህ?

ዘንድሮም ነጋ።

ብርዱ የአሰላ ብርድ ነው፤ አጥንት ይፈትሻል። ገባች ትርንጎ፣ መብራቷን አበራች። ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ዶሮ መቼም ያሳዝናል፤ ብልቱ ሁሉ ተቆጥሮ ወጥቶ፣ ፈረሰኛው ለማን ይነሣ? ጫማዋን አወለቀች። ቀስ ብላ አወለቀች፣ ከሌላ ቀን ይልቅ ቀስ ብላ። ጆሮዋ ወዲያ ነው፤ ብትጠየቅ ግን አይደለም ትላለች።

ምንም።

ከወዲያ መብራት በርቷል። ጥላ የለም፣ ሲጥታ የለም፣ ሳል የለም።

"ሰለቻት" አለች ለራሷ። "ደግ አደረገች።" ዳቦ ቆረሰች፤ ቆርሳም እጇ ላይ ያዘችው። ስትሸሸው የኖረችው ድምፅ ነበር፤ ለካ ፋሲካዋ እሱ ኖሯል። ስልኳ አይጮህ፣ በሯ አይንኳኳ… በዚህ ዓለም ለእሷ ብሎ "ተነሣ" የሚላት አንድ አፍ ነበራት። እሱ ሲቀር ፋሲካ ደጇ ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ። ሞታስ እንደሆነ?

ያኔ መንገድ ነበር ያገዳት። ዛሬ ምን ልትል ነው? አውቶቡስ የለም፣ ኬላ የለም፤ ክንድ የማትሞላ ቦታ ናት። ለእናቷ አልደረሰችም። አሁን ደግሞ እህቷ እዚያ ስትሞት እሷ እዚህ ዳቦ ይዛ ተቀምጣ… ያኔ የምትከሰው ሰው ነበራት። አሁን ማንን ትከሳለች?

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አለች ለግድግዳዋ። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ።

ዝም።

ጠበቀች። እንዲህ ነው ለካ መጠበቅ… ቃልን ወዲያ ወርውሮ፣ ትንፋሽን ይዞ፣ ጆሮን አቁሞ። እንዲህ ስትሆን ኖራለች ለካ ያቺ ሴትዮ፤ በየዓመቱ፣ በፋሲካ ምድር፣ ለማትመልስላት ታናሿ።

"እትዬ" አለች። እትዬ ካለቻት ዘመን አልፏል። "እትዬ… ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።"

ዝም።

ዳቦውን ጣለች። በባዶ እግሯ ወጣች፤ በጤዛው ላይ ዞረች ወደዚያኛው ደጅ። በሩ አልተቀረቀረም፤ ገፋ ስታደርገው ተከፈተ።

እታለማሁ አልሞተችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጭ ለብሳ፣ የሚያማትን ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ። ዓይኗ ግድግዳዋ ላይ ነው። ጉንጯ ርሷል።

"በቁሜ ገደልሽኝ" አለቻት ትርንጎ። "ምናለ ብትመልሺ?"

"አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ?" አለች እታለማሁ። ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት። "በየዓመቱ እኔ ስል ኖርኩ። ዘንድሮ ጉልበቴ ቅዳሴም አላደረሰኝ፤ የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ። እስቲ ዝም ብዬ ልየው አልኩ። ስትይው ደግሞ… ደግማ ትበለው አልኩ። ጠገብኩት ሳልል ሮጠሽ መጣሽ።"

ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ልትቆጣ ነበር ያሰበችው። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ያ የቆየው።

"አልጠበቅሽኝም፣ እትዬ።"

ምክንያት ሞልቷት ነበር እታለማሁ። ስቅለት ነው ማለት ትችላለች። ቄሱ አጣደፉኝ፣ ዕድርተኛው ጉድጓዱን ቆፍሮ ቆመብኝ… ሁሉም እውነት ነበር። አንዱንም አላለችም።

"አልጠበቅሁሽም" አለች። "ፈራሁ። እማዬን ለብቻዬ ይዣት ማደር ፈራሁ፤ ሌላ አይደለም። ስትመጪ ደግሞ አፈርኩ፤ አፍሬ የትንሣኤን ነገር አነሣሁብሽ። ያን ለታ አምኜው አይደለም ያልኩት፤ እፍረቴን ልሸፍንበት ነው። ከዚያ ወዲህ ነው በግድግዳ ስለው የኖርኩት… እውነት እንዲሆንልኝ። ለአንቺም፣ ለእኔም።"

ትርንጎ ገባች። ቺፑዷ ከተመታች ወዲህ ያልረገጠችውን ወለል ረገጠች፣ በባዶ እግሯ።

"የት ላይ ነው ያረፈችው?"

"እዚሁ። አልጋው ከቦታው አልተነሣም።" እታለማሁ ትራሱን ነካች፤ ትራሱ ከቺፑዷ ሥር ነው። "ራሷ እዚህ ነበር።"

ከወዲያ የትርንጎ ትራስ አለ፤ ልክ በዚያ አንጻር። እናቷ ባረፉበት ራስጌ ስትተኛ ኖራለች፣ ሳታውቅ። ተቀመጠች። ፍራሹን ዳበሰችው፣ በመዳፏ፣ ወዲህና ወዲያ። ያ የተዋጠው ጩኸት ተንቀሳቀሰ። እንደ ልማዷ መልሳ ልትውጠው ሞከረች።

"ፋሲካ ነው" አለች። "አይለቀስም።"

እታለማሁ ግድግዳ እየተደገፈች ተነሣች፤ በሩን ዘጋች። ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጋቢዋን ለሁለት አለበሰች።

"ማን አለ?" አለቻት። "መግደላዊትም እኮ መቃብሩ ደጅ እያለቀሰች ነው ጌታን ያየችው፤ ማልቀስሽን ተዪና ነይ አላላትም፣ እያለቀሰች በስሟ ጠራት። አልቅሺ ትርንጎዬ። ስትጨርሺ ሰላምታሽን እመልስልሻለሁ።"

አለቀሰች ትርንጎ። በሞያሌ መንገድ ሁሉ የያዘችውን፣ እርጥቡ አፈር ላይ የዋጠችውን፣ በየፋሲካው ጫማዋን ይዛ ቆማ ያነቀችውን… አለቀሰች፣ "እማዬ" እያለች፣ ዘመን ያለፈበትን ለቅሶ እንደ ዛሬ።

ውጭ ፀሐይ ወጣ። ሰፈሩ ጾሙን ፈታ፤ ከየቤቱ የሳህን ድምፅና ሳቅ መጣ፤ አንድ ሰው ደጃፉን አንኳኩቶ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ሄደ። እታለማሁ አልተነሣችም። እጇን አልያዘቻትም፣ ነጠላዋን አላስተካከለችላትም፣ ውሃም አላቀበለቻትም።

ጠበቀቻት።