የሎዌል ፕሩት ጆሮ

ሎዌል ፕሩት መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። በዚያ የነብራስካ በቆሎ አገር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ላገኘው ሁሉ የሚነግረው ራሱ ነዋ። ቺካጎ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ሲቀር፣ ወደ ሟች አባቱ ቤት ተመልሶ መሬቱን አከራየና መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋ። መጽሐፉ ስለ ጎረቤቱ ስለ ኢቨረት ሃስክል ነው። ኢቨረት ከሁሉ የሚበልጥ ጎተራ የሠራ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ጎበዝ ገበሬ ነበር። ታሪኩን የሚተርከው ደግሞ «እኔ» የሚባል፣ ዳር ቆሞ ሁሉን የሚያይ፣ በማንም ነገር እጁን የማያስገባ ጨዋ ሰው ነው። ይህን ሰው ለመፍጠር ሎዌል ብዙ አልተጨነቀም፤ መስታወት እያየ ጻፈው። መስታወቱም አዳላለት።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ በቆሎ ብታግዘን?» ይለዋል ኢቨረት።

«የኔ ሥራ ማየት ነው።»

«ማየቱንማ ላሚቱም ታያለች፤ እሷ ግን ወተት ትሰጣለች።»

ማየት ይበል እንጂ ዋና ሥራው መስማት ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች የሚገናኙት በአንድ የስልክ ሽቦ ነው። ስልኩ ለማንም ይጩህ ለማን፣ ማዳመጫውን ያነሳ ሁሉ ይሰማል። ሁሉም ያነሳል፤ ሁሉም አላነሳሁም ይላል። ሳያፍሩ የሚያነሱት ወይዘሮ ሁልዳ ብቻ ናቸው፤ የሰው ጨዋታ መሀል ጥልቅ ብለው «ኧረ ለሳል ቅባት አይሆንም፣ ሰናፍጭ ለጥፊበት» የሚሉ መበለት። ሎዌል በሴትዮዋ ይስቅ ነበር። እሱ እንደሆነ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ እርሳሱን ይዞ ነው የሚያዳምጠው። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ሰሚ በበዛ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ ይደክማል።

በኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማ ዶክተር ፔልትዝ ዘንድ ተደወለ። ሎዌል አነሳ። የደወለችው የኢቨረት ሚስት ዴላ ነበረች።

«ዶክተር፣ ኢቨረትን የበቆሎ መፈልፈያው ክንዱን ያዘው። ደሙ አልቆም አለኝ።»

«ማን ልበል? አይሰማም» አለ ዶክተሩ።

«ሃስክል ነኝ፣ ዴላ ሃስክል።»

«ምንም አይሰማኝም።»

ከተማ ሆና መስመር የምታገናኘው ልጅ ወደ ሌላ ጥሪ ሄዳለች። «ጎረቤቶች፣ በእናታችሁ ዝጉልኝ» አለች ዴላ። «ባሌ ሊሞትብኝ ነው።» ሁለት ቤት ቀጭ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። የቀሩት፣ ሌላው ይዘጋል እያሉ ቆዩ።

«አቶ ፕሩት፣ የግድግዳ ሰዓትዎ ይሰማኛል። እርስዎ ለከተማው ቅርብ ነዎት፤ የእርስዎ ድምፅ ይደርሳል። ሃስክል ክንዱን ማሽን ይዞታል፣ ቶሎ ይድረሱለት ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሎዌል አፉን ከፈተ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከተናገረ ሲያዳምጥ መኖሩን አመነ ማለት ነው፤ ደግሞም የመጽሐፉ «እኔ» እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም። ቢያንስ መዝጋት ይችል ነበር። ከዘጋ ግን የኢቨረትን መጨረሻ ማን ይነግረዋል? አፉን መልሶ ገጠመና ደብተሩ ላይ «ድምፅዋ እንደ ክር ቀጠነ» ብሎ ጻፈ። ካቀጠኑት አንዱ እሱ ነው።

«እንግዲህ ልዘጋው ነው» አለ ዶክተሩ።

«እንዳትዘጋ አንተ ሰው!» ወይዘሮ ሁልዳ ነበሩ። ከጓሮ ሮጠው ገብተው ስልኩን ሲያነሱ የዴላን ልመና ሰምተዋል። ድምፃቸው ሁለት ማሳ አቋርጦ ከብት ይመልሳል። «ኢቨረት ሃስክል ክንዱን ማሽን በልቶት ደሙ እየፈሰሰ ነው። ኮፍያህን ተወውና ውጣ። ዴላ፣ የኔ ልጅ፣ ከትከሻው ዝቅ ብለሽ በጨርቅ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው። እናንተ ደግሞ ዝጉ፣ የማታፍሩ።»

ዶክተሩ ደረሰ። ኢቨረት ክንዱን አጣ፤ ነፍሱ ተረፈች።

በሚያዝያ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የመንደሩ ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ ሲበላ ሎዌል ከመጽሐፉ እንዲያነብ ተጠየቀ። እንዲጠይቁት ያደረገው ራሱ ነው። የመረጠው የዚያን የኅዳር ቀን ታሪክ ነበር። «እኔም ዝምታዬን ሰብሬ ጮኽኩ» ብሎ አነበበ፤ «ዶክተር ሆይ፣ ወደ ሃስክል ቤት ፍጠን አልኩት።»

ሰዉ ሁሉ ሳህን ሳህኑን አየ። ሎዌል አስቦበት ነበር። ውሸት ነው የሚል፣ እኔም አዳምጥ ነበር ማለቱ ነው፤ ይህን የሚያምን ሰው ደግሞ ከወይዘሮ ሁልዳ በቀር በዚያ መንገድ ላይ የለም። ወይዘሮ ሁልዳ ብቻ ሳቁ። «አይ ድምፄ፣ ጢም አበቀለ» አሉ። «ይውሰደው፣ እኔ ሌላ አለኝ።»

ዴላ ግን አልሳቀችም። ብድግ አለች።

«ያን ቀን ስልክ ያነሳችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ የፓስተሩ ሚስት ፊቷ ቀልቶ እጇን አወጣች። ከዚያ ባለ ወፍጮው። እያለ እያለ ስምንት እጅ ሆነ፤ ያፈረም ያላፈረም አወጣ።

«አቶ ፕሩት ሲናገር የሰማ እጁን አያውርድ።»

ስምንቱም ወረደ።

ሎዌል ወረቀቱን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። ይኼኔ ኢቨረት ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ባዶ እጅጌውን ከጠረጴዛው ላይ ሰብሰብ አድርጎ ጠየቀው።

«ተቆጥቼ አይደለም፣ ሎዌል። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ብሞት ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

ሎዌል አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አለ? እዚህ አይሰማም» አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

ወይዘሮ ሁልዳ ወደነሱ ዞሩና አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ አሳለፉላቸው።

«‹እጽፍ ነበር› ነው የሚለው።»