ሰማንያ ጆንያ ከጨዋታ በፊት

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቡድናችን ዘንድሮ ሊያሳብደን ነበር። ሁልጊዜ ቢሸነፍ እኮ ተስፋችንን ቆርጠን እፎይ እንል ነበር። እሱ ግን አንዱን ቅዳሜ የሊጉን መሪ ሦስት ለባዶ ረትቶ ያስጨፍረናል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጭራው ቡድን አራት ጎል ተሸክሞ ይመለሳል። ሊጋችን የሊጎች ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ጨዋታውም ሁሉ የሚካሄደው በከተማዋ ብቸኛ ሜዳ ስለሆነ መንገድ አደከመን ብለን እንኳ ማመካኘት አንችልም። እንዲሁ አንወጣ፣ አንወርድ፣ መሃል ላይ ተንጠልጥለን ከረምን።

እኔ የዳቦ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ሸንጎ እንቀመጣለን። እኔ አለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አሉ። ዱቄት የሚያመጣልን ሹፌርም አለ፤ እሱ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጭነቱን ያስረክባል፣ ከሰዓት ጨዋታውን ያያል፣ እሑድን እህቱ ቤት አርፎ ሰኞ ከእኛ ጋር ተከራክሮ ይመለሳል። መኪናውን እንቁላል የጫነ ይመስል ስለሚነዳ ስሙን «ፍሬን» ብለነዋል።

የክርክራችን ርዕስ አንድ ነው፤ ይህ ቡድን ምን ነክቶት ነው አንዱን ሳምንት አንበሳ፣ አንዱን ሳምንት ድመት የሚሆነው? ፀጉር አስተካካዩ ጥፋቱን አሰልጣኙ ላይ ይደፈድፋል። አንዳንዴ ምላጭ በእጁ እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተለወሰ ደንበኛው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እስኪጣራ ድረስ አሰልጣኙን ሲያብጠለጥል ይቆያል። መምህሩ ደግሞ ደብተር አላቸው። የዝናቡን፣ የንፋሱን፣ የዳኛውን፣ የሣሩን ርዝመት ሳይቀር ይመዘግባሉ። ዓመቱን ሙሉ መዝግበው ያገኙት ነገር ግን አልነበረም።

እኔ መዝገብ አያስፈልገኝም ነበር። ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ ብዬ ደምድሜ ነበር፤ በረኛው ነው። በረኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ዘመዴ ነው ብዬ ግን አልሸፍንለትም። አንዱን ሳምንት እንደ ነብር ይወረወራል፤ በሚቀጥለው ኳስ ከራሱ በላይ ስታልፍ ቆሞ ይሸኛታል። ደሜ ይፈላል። «ወንፊት» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሜዳው ሁሉ ተቀብሎኝ «ወንፊት፣ ወንፊት» ሲል ደግሞ አፌን ሞልቼ እስቅ ነበር።

የሚገርመው ልጁ የሚሠራው እዚሁ ዳቦ ቤት፣ እኔው ዘንድ መሆኑ ነው። ምድጃ ላይ ነው ሥራው። ዱቄት ሲመጣ ግን እሱን ነው የምጠራው፤ ምክንያቱም የቀን ሠራተኞቹ ጆንያ እየጣሉ ይቀድዱብኛል። ሰማንያ ጆንያ፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ኪሎ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻውን ይደረድርልኛል። ሲጨርስ ሁልጊዜ «ስንት ጣልክ?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል። እኔም ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ምሳዬን በልቼ ሜዳ እሄድና እሰድበዋለሁ።

ጨዋታዎቹ ሊያልቁ ሦስት ሲቀሩ በገዛ እጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። በረኛው ይቀየርልን የሚል ነው፤ አርባ ደጋፊ አስፈርሜ ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። አሰልጣኙም ሲቸግረው፣ በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ ከገባበት መለያውን ይመልሳል ብሎ ወሰነ። ልጁ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሕልም የለውም። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ የጻፍኩት።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ደብተራቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይተን ስለማናውቅ ሰው የሞተ መስሎን ነበር። ነገሩ ለካ ተገኝቷል፤ ፍሬን ሜዳ በገባበት ቅዳሜ ሁሉ ተሸንፈናል፣ እሱ በሌለበት ቅዳሜ አሸንፈናል፣ አንድም ቀን አልተዛነፈም። ፀጉር አስተካካዩ ወዲያው «ገፊ ነዋ» አለ። ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ አለ። በረኛውም ወንፊት ነው፣ ሹፌሩም ገፊ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አረፍኩት።

ፍሬን በቀጣዩ ቅዳሜ ዱቄቱን ይዞ ሲመጣ፣ ዛሬ ሜዳ ባትገባ ምን ይመስልሃል ብዬ ጠየቅኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሰውየው ሃያ ዓመት የደገፈን ነው። አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። የቡድናችንን ሻርፕ ከአንገቱ ፈትቶ ሰጠኝ።

«እሱን እንኳ አስገቡልኝ» አለ።

ሻርፑን ቦታው ላይ አነጠፍንለት። እሱ በዳቦ ቤቱ ግቢ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጩኸቱን ከሩቅ እየሰማ ዋለ። እኛም ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ሻርፑን ስመልስለት ፊቱን ማየት አፈርኩ።

በማግስቱ እሑድ እህቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። እህቴ ልጇን ከመደርደሪያው ብርጭቆ እንዲያወርድ ላከችው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ልጁ ቀኝ ክንዱን አነሳና ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመበት፤ በግራ እጁ ክርኑን ደግፎ ገፋው፤ አሁንም አልደረሰም። ትቶት ወንበር ፈልጎ ወጣበት። ምን ሆነ ብዬ እህቴን ጠየቅኳት።

«ምን ይሆናል? ዱቄት በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን እንዲህ ነው» አለችኝ፤ ሰላጣዋን እየከተፈች።

ክው አልኩ። ሰማንያ ጆንያ፣ የላይኛው ረድፍ ከጭንቅላት በላይ የሚነሳ፣ ጠዋት። ጨዋታው ከሰዓት። ከራሱ በላይ የምታልፈው ኳስ። መምህሩ ፍሬንን ቆጠሩ እንጂ ፍሬን የጫነውን ማን ቆጠረ? የመረከቢያ ሰነዱ ላይ የምፈርመው እኔ፣ ልጁን ጠርቼ የማሸክመው እኔ፣ ከሰዓት የምሳደበው እኔ።

ብርጭቆዎቹን ይዞ ሲወርድ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ዓይኑን ብርጭቆዎቹ ላይ እንደተከለ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ የምታመሰግነኝ በጆንያው ብቻ ነው። እሱንም እንዳላጣው ብዬ ነው።»

አልቅሼ አላውቅም ብዬ አልዋሽም፤ ያን ቀን ግን እጄን ልታጠብ ብዬ ተነስቼ ብዙ ቆየሁ።

ሰኞ ጠዋት የመረከቢያ ሰነዶቼን ተሸክሜ ወንበሩ ላይ ዘረገፍኳቸው። ፍሬንን ከሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከገፊም ገፊው እኔ ነኝ አልኩ። መምህሩ ቀኖቹን ከደብተራቸው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩና መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ስለ አሰልጣኙ ምንም አላለም። ከዚያ አሰልጣኙ ዘንድ ሄጄ ደብዳቤውን መልስልኝ አልኩት። አርባ ሰው የፈረመበትን አልመልስም፣ ልጁ ሜዳ ላይ መልስ ይስጥ አለኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ የሚውለው የዱቄት ቅዳሜ ላይ ነበር። ፍሬን ቀኑን ሊያስቀይር ሞክሮ ወፍጮ ቤቱ እምቢ አለው። የቀን ሠራተኛ ላምጣ ብል የዳቦ ቤቱ ባለቤት ያለፈው የተቀደደው ጆንያ አልረሳ ብሎት ወይ ፍንክች አለኝ። እንግዲያው ሰማንያውንም እኔው አወርዳለሁ አልኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እህቴን ደግሞ ልጅሽን እስከ ስድስት ሰዓት ከቤት እንዳታስወጪው፣ ቢፈልግ ጫማውን ደብቂበት ብዬ አስጠነቀቅኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባተኛው ጆንያ ላይ ኮከብ አየሁ። ቀና ስል ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ፍሬን ሸሚዙን አውልቋል። መምህሩም መጡ፤ እንዳይነኩ ብንለምናቸው፣ ተማሪ አደረጋችሁኝ እንዴ ብለው ተቆጡንና ከእኔ ጋር አንዱን ጆንያ ለሁለት መያዝ ጀመሩ። አራት ጆንያ ከእጄ ወደቀ። አንደኛው ፈነዳና መምህሩ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆኑ። ይህ በሌላ ቀን ቢሆን ሰው እገድል ነበር፤ ያን ቀን ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የመጨረሻውን ረድፍ ጣሪያው ሥር ስናስገባ አንዳችንም ትክክል የሚሠራ ትከሻ አልነበረንም።

ሳንታጠብ ሜዳ ገባን። ፍሬንን መሃላችን አስቀመጥነው፤ ሻርፑን አንገቱ ላይ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ጎንበስ ብሎልኝ። ልጁ ገና ከመጀመሪያው ሌላ ሰው ሆነ። ሁለት ኳስ ከማዕዘን ላይ አወጣ፤ አንዱን ከሁሉም ራስ በላይ ዘሎ ለቀማት። እኛም አንድ አገባን። ከዚያ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠብን።

«ወንፊት» የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ልጁ መስመሩ ላይ ቆመና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ እስከ ጫፋቸው። መቺው ወደ ላይኛው ማዕዘን ላካት። ልጁ ወደዚያው ተወረወረና ኳሷን በሁለት እጁ ይዟት ወደቀ። አልተፋትም።

ሕዝቡ ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጮኸ። እኛ አራታችን ብቻ እጃችን ከጎናችን ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሐውልት ቆመን በአፋችን ብቻ ጮኽን። ላጨበጭብ ሞከርኩ፤ እጆቼ ወገቤ ላይ ተገናኝተው ቀሩ። ፀጉር አስተካካዩ እንባው በጉንጩ ሲወርድ መጥረግ አቅቶት ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጁ በቀጥታ ወደ አጥሩ መጣ። ዱቄት የተቀባውን ልብሳችንን አየ፤ የመምህሩን ቅንድብ አየ፤ የተንጠለጠለውን እጃችንን አየ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ስንት ጣልክ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«አራት» አልኩት።

«እኔ ዛሬም ምንም» አለና በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ፣ አልነሳ ያለውን ክንዴን ራሱ ይዞ ወደ ላይ አነሳልኝ።