ቁጥሩ ሲወርድ

ባለቤቴ ተሻለ ወደ ሥራ ክፍሌ በገባ ቁጥር የመሣሪያው ቁጥር ይወርድ ነበር። ሌላ ሰው ሲገባ አይወርድም። አልቀናም አልልም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም።

ዲላ፣ በምሠራበት የቡና መመርመሪያ፣ መሣሪያው ከምሥራቅ ጀርመን ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የኳርትዝ ክሪስታል አለች፤ ሁልጊዜ ትንቀጠቀጣለች። የተበላሸ ቡና ትነት ሲያርፍባት ትከብዳለች፣ መንቀጥቀጧ ይዘገያል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ተሻለ ናሙና በመኪና ያመጣል፤ እኔ ቁጥሩን አነባለሁ።

ታዲያ ባዶ እጁን ሲመጣስ ለምን ይወርዳል? የሴት ሽቶ ነዋ! ታይፒስቷ ቆንጅት በሽቶ ታጥባ ነው የምትውለው። ስትስቅለትም አይቻለሁ። አንድ ቀን በሰው ፊት "ባሌን ልቀቂ!" አልኳት።

"ኧረ በስመ አብ! እኔ ባልሽን ምን ላደርገው?" ብላ አለቀሰች።

አለቃችን ጓድ በዛብህ ጠሩን። የቆንጅትን ሽቶ ወደ መሣሪያው አስጠጉ፤ ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። "እስቲ ድንቅነሽ፣ ሻሽሽን" አሉኝ። ሻሼ ሲቀርብ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ።

"የተበላሸ ቡናና የከረመ ቅቤ አሲዳቸው ይመሳሰላል" አሉ። "ጠዋት መሣሪያውን የምታስተካክይው አንቺው ስለሆንሽ አንቺን ለምዶሻል። ባልሽ ሲመጣ ግን ልብሱን የነካው የራስሽ የፀጉር ቅቤ ይደረብበታል።"

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ፤ "በገዛ ቅቤዋ የቀናች" የሚል ስምም አወጡልኝ። ይሳቁ! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቆንጅትን ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያኔውኑ ፀጉሬን ታጥቤ ቅቤ መቀባት ተውኩ፤ ተሻለ ሲገባም ቁጥሩ መውረዱን አቆመ።

ከዚያ ተሻለ ለናሙና ፍስሐ ገነት ከተማ ሄዶ ሰነበተ። ሲመለስ ቤት ሳይገባ፣ የታሸጉ ጣሳዎች ታቅፎ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ናፍቆኝ ስለነበር ብድግ አልኩ።

ቁጥሩ ወረደ።

"ናሙናው ይሆናል" አሉ ጓድ በዛብህ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው።

"ጣሳው እኮ አልተከፈተም" አልኩ።

"ምን ሆነሻል ደግሞ? ዛሬም ቆንጅት ናት?" አለኝ ተሻለ እየሳቀ።

"ቆንጅትማ ሽቶ ነው የምትቀባው" አልኩት። "ፍስሐ ገነት ቅቤ የምትቀባዋ ማን ናት?"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።