ዋርቲኒ ክሬን ላይ የወጣች ጊዜ

ሱራባያ ወደብ ውስጥ፣ መርከቦቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ባዶ ኮንቴይነሮች የሚታጠቡበት ግቢ አለ። ዋርቲኒ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። መኪናው ኮንቴይነሩን ያወርዳል፤ ሁለት ሴቶች የውሃ ጎማና ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይዘው ይገቡና የበሰበሰ ሽንኩርትም ይሁን የዓሣ ደም ፈግፍገው ያወጣሉ። ፀሐይ ሲበረታ ግድግዳው እጅ አያስነካም። ክፍያው ደግሞ ሩዝና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቴምፔ ተገዝቶበት፣ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት፣ የልጇ ደብተር ሲታከልበት እዚያው ያልቃል።

አብራት የምታጥበው ሙስሪፋ ናት፤ ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከማዱራ ደሴት የመጣች፣ አፏ አንድ አፍታ የማያርፍ ሴት። የውሃው ጩኸት እንኳ አያስቆማትም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኩባንያው ከአካባቢው ነዋሪዎች ሁለት ሰው መርጦ ክሬን ነጂ ሊያደርግ ነው፤ ሴቶችም መሞከር ይችላሉ ይላል። ሙስሪፋ አንብባው ሳቀች።

«ሴት ፈልገው እንዳይመስልሽ እቴ» አለች። «የፈለጉት የሴት ፎቶ ነው።»

እንዲህ ትበል እንጂ ቀድማ ሄዳ የተመዘገበችው እሷው ናት። የዋርቲኒንም ስም ሳትጠይቃት አብራ አስጻፈች።

የፈተናው ዕለት ስልሳ አራት ሰው መጣ። ፈታኙ ጋሽ ጊዮኖ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ክሬን ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ያለቀ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ወረቀትና እርሳስ አላመጡም። ግቢው ዳር በቆመች አንዲት አሮጌ ትንሽ ክሬን ላይ አፉ ድረስ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠለጠሉ፤ ይህን ውሃ ሳይፈስ ወስዶ ማዶ ካለው በርሜል ላይ ማስቀመጥ ነው አሉ።

ቀላል ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ማርሹን ገፋ ሲያደርገው ባልዲው ተወዛወዘ፤ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲጎትተው ባሰበት። ሁለተኛውም፣ ሃያኛውም እንደዚያው ሆኑ። ሙስሪፋ ተራዋ ሲደርስ ውሃውን እንዳለ ጥበቃው ራስ ላይ ደፋችው። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሷም እየሳቀች ወረደች፣ ግን ዞር ብላ ክሬኗን አየቻት።

ዋርቲኒ ወጣች። ባልዲው እሷንም ተወዛወዘባት። እሷ ግን አልጎተተችውም፤ ጠበቀች። ባልዲው ወደ ፊት ሲወረወር ክሬኑን ተከትላ ወደዚያው ሰደደችው፣ ልክ አናቱ ላይ ስትደርስ ባልዲው ቀጥ ብሎ ቆመ። ወስዳ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችው። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ጋሽ ጊዮኖ ጠጋ ብለው ማን እንዳስተማራት ጠየቁ።

«ማንም አላስተማረኝም፣ ጋሼ። የኔ አገር ድንጋይ ነው፣ ጉድጓዱ ሩቅ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በትከሻ ዘንግ ሁለት ባልዲ ስሸከም ነው ያደግኩት። ውሃውን ከታገሉት ይደፋል፤ አብረውት መሄድ ነው።»

ሽማግሌው ባልዲውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እኔ ይቺን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ዋርቲኒና አንድ ሌላ ሰው ተመረጡ፤ ሥልጠናው አራት ወር በግማሽ ደመወዝ ነበር። ባሏ ሳህዊ መርከቦቹ ላይ ኮንቴይነር የሚያስር ሠራተኛ ነው፤ ጉድለቱን ለመሙላት ሁለት ፈረቃ ያዘ። አልከለከላትም፣ አላጉረመረመም። አንድ ቀን ብቻ ሩዙን እየጎረሰ «እኔ እኮ ከሥርሽ ነው የምሆነው» አላት።

ትልቁን ክሬን የወጣችበት ጠዋት አሳንሰሩ እያንኳኳ አርባ ሜትር ወሰዳት። ነጂው የሚቀመጥበት ክፍል ወለሉ መስታወት ነው፤ በእግሮቿ መካከል መርከቡ ይታያል፣ ሰዎቹ እንደ ምስር ፍሬ ተበትነዋል። ቀና ስትል ባሕሩ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከግንብ ጀርባ ሽታውን ብቻ የምታውቀው ባሕር እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቶ፣ ያን ሁሉ መርከብ ተሸክሞ ዝም ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ እዚህ ሲውል እኔ የት ነበርኩ አለች በልቧ።

የመጀመሪያዋን ኮንቴይነር አነሳች፤ ሃያ ስድስት ቶን፣ በሁለት ጣት። ሥር ሳህዊና ጓደኞቹ ገለል ብለው ይጠብቃሉ። ኮንቴይነር ሲያርፍ መርከቡ ጓ! ይላል፣ የሰው ጥርስ ይነቃነቃል፤ እነሱም ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ምንም ድምፅ አልመጣም። ሳህዊ በኋላ እንደነገራት፣ ማረፉን ያወቀው ሄዶ በእጁ ሲዳብሰው ነው።

ደመወዟ በሦስት እጥፍ አደገ። ኩባንያው ትልቅ ፎቶዋን ዋናው በር ላይ ሰቀለና ከሥሩ «ለሠራ ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ አጻፈ። ሙስሪፋ አንድ ቀን ፎቶው ሥር አገኘቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከልቤ ነው» አለቻት። «ግን እንደሱ ከሆነ፣ እኛ ስልሳ ሁለታችን አንሠራም ማለት ነው?»

ጥያቄው ዋርቲኒን ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ፤ ለብዙ ቀን አልወጣም። በመጨረሻ ሙስሪፋን ክሬኑ ላይ ይዛት እንድትወጣ ጋሽ ጊዮኖን ለመነቻቸው። እንግዳ ማውጣት ክልክል ነው አሉ። ይሁንና እሑድ ዕለት ሁለቱ ሴቶች ወደ አሳንሰሩ ሲሄዱ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ቆዩ።

ሙስሪፋ እላይ ስትደርስ ዝም አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዋርቲኒ ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከባሕሩ ማዶ የደሴቷን የማዱራን ዳርቻ አየች። ቀጥሎ ዓይኗ የማጠቢያውን ግቢ ፈለገ።

«ያቺ ናት?»

«ያቺ ናት።»

«የወገቤ ሕመም ሁሉ ያቺን በምታህል ውስጥ ነው የተቀመጠው?» አለችና በጣቷ መስታወቱ ላይ መስመር ማስኬድ ጀመረች። ኮንቴይነሮቹ እዚያ ታጥበው፣ አጠገቡ ባለው መጋዘን ዕቃ ተሞልተው፣ መኪናዎቹ ሁሉ የሚወጡት ከዚያች ግቢ በር ነው። ከበሩ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ክሬኑ፣ ከክሬኑ ወደ መርከቡ ጣቷን አስኬደችው።

«ዋርቲኒ፣ እኛ ካላጠብን አንቺ ምን ታነሻለሽ?»

ዋርቲኒ አሰበች። «ምንም» አለቻት።

ሙስሪፋ ጣቷን ከመስታወቱ አንሥታ ወረደች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መርከቡ ቆሟል፣ ክሬኑ ተዘጋጅቷል፣ መኪና ግን የለም። ዋርቲኒ ዞራ ተመለከተች። ከማጠቢያው ግቢ ዘወትር የሚነሣው የውሃ ብናኝ የለም። መኪናዎቹ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ወርደው ሲጋራ ያጨሳሉ። ግቢው ውስጥ አርባ ሴቶች ግንቡን ተደግፈው፣ ብሩሻቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል። አንደኛዋ ቁርሷን ከሙዝ ቅጠል እየፈታች ትበላለች።

የመገናኛ ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፤ ጋሽ ጊዮኖ ናቸው። «ዋርቲኒ፣ ምን ይታይሻል?»

«ሴቶቹ ተቀምጠዋል፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ዋርቲኒን አንዳች ነገር ወረራት። እዚህ ወደብ ላይ ከሷ ክሬን የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። አሁን ያ ክሬን፣ ሦስት መቶ ሜትር የሚረዝመው መርከብ፣ ያ ሁሉ መኪና፣ አርባ ሴቶች ስለተቀመጡ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እጇን ከማርሹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ በቤተ ጸሎት እንደሚቀመጥ ሰው።

ከቢሮ ሰዎች ወጡ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ። የቀትር አዛን ሲሰማ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ክፍያቸው በሩብ ሊጨመር፣ የጎማ ቦት ሊሰጣቸው፣ ሙቀቱ ሲበረታ ማንም ኮንቴይነር ውስጥ እንዳይገባ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መኪና ከበሩ ወጣ።

በማግስቱ ዋርቲኒን ቢሮ ጠሯት። ወንበር ሰጧት፣ ሻይ አቀረቡላት፤ ከዚያ መጀመሪያ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ከላይ ሆና አይታ እንደሆን በትሕትና ጠየቋት።

ዋርቲኒ ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ከላይ ሲያዩት» አለች «ሰው ሁሉ እኩል ነው።»